ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ
ስለ ሕፃናት ቅድመ ትምህርት የተደረጉ ጥናቶችና የገላን ጉዳይ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ትንንሽ ልጆች ለመናገር ነው። ስለ ታላላቅ ነገር መከራከር በተለመደበት በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ አምስት ዓመት ሕፃን ማውራት ለአንዳንዶቻችን የሞግዚት ሥራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ጉዳዩ ወደ ማኅበራችን ደጅ ደርሷል። በሚመጣው ክረምት አባሎቻችን ወደ ገላን ወጥተው፣ በመስከረም አንደኛ ክፍል የሚገቡትን ልጆች ለሁለት ወር ያህል እንዲያስተምሩ ሐሳብ ቀርቧል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እኛ የትምህርት ጥናት ተማሪዎች ነገሩን መርምረን እንድናቀርብ ታዘናል። የተጠየቅነውም ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ በእርግጥ ልጆችን ይጠቅማልን? የሚጠቅም ከሆነስ በምን አኳኋን ሲሠራ ነው?

አስቀድመን አንድ ነገር እናስረዳ። «መዋዕለ ሕፃናት የገባ ልጅ ካልገባው ይበልጣል» የሚለው አነጋገር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ልጁን መዋዕለ ሕፃናት የሚያስገባ ወላጅ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ያለው፣ ራሱም የተማረ፣ በቤቱም በቂ ምግብ የማይጠፋ ነው። ታዲያ ልጁ በኋላ ቢበልጥ የበለጠው በትምህርት ቤቱ ነው ወይስ በቤቱ? አንድ ገበሬ አዲስ ማዳበሪያ በለም ማሳው ላይ ብቻ ነስንሶ ጭንጫውን ያለ ማዳበሪያ ቢተወው፣ ምርቱ ሲለያይ ማዳበሪያውን ሊያመሰግን አይገባውም። ስለዚህ እውነተኛውን ለማወቅ የፈለጉ አጥኚዎች ተመሳሳይ ልጆችን ሰብስበው፣ በዕጣ ወይም ዕጣ በሚመስል መንገድ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን አስተምረው ሌላውን እንደ ነበረ ትተው፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ለብዙ ዓመት ይከተላሉ። ከዚህ ቀጥለን ከምንጠቅሳቸው ጥናቶች አንዳንዶቹ በዚህ ዘዴ የተሠሩ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ክፍለ ሀገር በይፕሲላንቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የፔሪ መዋዕለ ሕፃናት ጥናት ነው። ዴቪድ ዋይካርት የተባለው ሰው የመራው ይህ ጥናት ከድኻ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ሰብ የመጡ 123 ልጆችን ይዞ፣ 58ቱን በመዋዕለ ሕፃናት አስተማረ፤ መምህራኑም በየሳምንቱ እቤታቸው እየሄዱ ከእናቶቻቸው ጋር ይሠሩ ነበር። 65ቱ ግን ይህን አላገኙም። መጀመሪያ የተማሩት ልጆች በአእምሮ ፈተና በለጡ። ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ይህ ብልጫ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ጥናቱ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ «ከንቱ ድካም» በተባለ ነበር። አጥኚዎቹ ግን አልተዉአቸውም። ልጆቹ 40 ዓመት ሲሞላቸው ከተማሩት ከመቶ 77ቱ ሁለተኛ ደረጃን የፈጸሙ ሲሆኑ፣ ካልተማሩት ግን የፈጸሙት ከመቶ 60 ነበሩ። አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ በፖሊስ የተያዙት ከተማሩት ከመቶ 36፣ ካልተማሩት ከመቶ 55 ሆነው ተገኙ። እንግዲህ በልጁ ውስጥ የቀረው ነገር የፈተና ነጥብ አልነበረም፤ መታገሥን፣ የጀመሩትን መፈጸምንና ከሰው ጋር መኖርን የመሰለ ጠባይ ነበር ብለው ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ።

ሁለተኛው ጥናት ለእኛ አገር ይበልጥ የሚቀርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በጃማይካ በኪንግስተን ከተማ፣ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸው 129 ሕፃናት ተመረጡ። የጥናቱ መሪ ሳሊ ግራንታም ማክግሪጎር ነበሩ። ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ ወተት ተሰጠ፤ ለአንዳንዶቹ አንዲት የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት እቤታቸው እየመጣች እናቲቱ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ አሳየች፤ ለአንዳንዶቹ ሁለቱም ተደረገ፤ ለቀሩት ምንም አልተደረገም። መጫወቻዎቹ በቤት ውስጥ ከሚገኝ ቁሳቁስ የተሠሩ ነበሩ። ሥራው የቆየው ሁለት ዓመት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲፈለጉ፣ በጨዋታና በንግግር የታገዙት ካልታገዙት ይልቅ ከመቶ 25 የሚበልጥ ደመወዝ ሲያገኙ ተገኙ። ወተቱ ብቻውን ግን በኋላ ዘመን ይህን ያህል ልዩነት አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች ከመቶ 38ቱ ቀንጭረዋል፤ ስለዚህ የኪንግስተን ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ብንናገር ጭብጨባው ይበዛልን ነበር። ነገር ግን ጥናት የሚወደደውን ብቻ መርጦ አያቀርብም።

የአሜሪካ መንግሥት «ሄድ ስታርት» የተባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1965 ሲጀምር፣ መጀመሪያ የተሠራው በክረምት ዕረፍት ወራት ለስምንት ሳምንት ብቻ ነበር። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች በዚያ አንድ ክረምት ተማሩ። ልብ በሉ፤ የእኛም ሐሳብ ይህን ይመስላል። በ1969 የወጣው የዌስቲንግሃውስ ጥናት ግን በስምንት ሳምንት የተሠራው ምንም ዘላቂ ውጤት እንዳልተገኘበት፣ ዓመቱን በሙሉ የተሠራውም ያስገኘው ጥቂት እንደ ነበረ ገለጸ። እርግጥ ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድማማችና እኅትማማች ልጆችን ያነጻጸሩ ጥናቶች፣ ሄድ ስታርት የገቡት ካልገቡት ወንድሞቻቸው ይልቅ በጉልምስናቸው የተሻሉ ሆነው ማግኘታቸውን አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ስለ ስምንቱ ሳምንት የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ሊዘነጋ አይገባውም።

ከዚህም የባሰ አለ። በቴነሲ ክፍለ ሀገር ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ልጆች የተከታተሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ውጤት ብዙ ሰው አስደነገጠ። በዕጣ ወደ መንግሥት ቅድመ ትምህርት የገቡት ልጆች መጀመሪያ ቀድመው ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ዕጣው ካልወጣላቸው ልጆች በፈተናም በጠባይም አንሰው ተገኙ። አጥኚዎቹ ከሚጠረጥሯቸው ምክንያቶች አንዱ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በአንድነት ተቀምጠው የመምህሩን ቃል ሲሰሙ መዋላቸውና የጨዋታው ጊዜ ማነሱ ነው። እንግዲህ ልጅን በማለዳ ማስተማር ሁልጊዜ መልካም ነው የሚለው አነጋገር እውነት አይደለም። በክፉ አኳኋን የተሠራ ቅድመ ትምህርት ካለመሥራት ሊብስ ይችላል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ልጅን ከሰባት ዓመት በፊት ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። የኔታ ዛፍ ሥር ልጆችን ሰብስበው ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ ሼኹም በመድረሳ ሲያስቀሩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ግን ከተማ ለከተማ፣ ይልቁንም በግል ትምህርት ቤት፣ ገንዘብ ላለው ሰው ልጅ ብቻ ተወስኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረውና በኢትዮጵያ 3,000 ልጆችን የሚከታተለው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ይህን በግልጥ አሳየ። በጥናቱ ውስጥ ከነበሩት የከተማ ሕፃናት ከመቶ 58 ያህሉ ቅድመ ትምህርት ያገኙ ሲሆን ከገጠሩ ልጆች ግን ያገኙት ከመቶ 4 አይሞሉም ነበር። ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃናና ባልደረባቸው በዚሁ ጥናት ላይ ተመሥርተው የከተማ ልጆችን በአምስትና በስምንት ዓመታቸው መርምረዋል። የቤተ ሰብ ሀብትና የወላጅ ትምህርት የሚያመጣው ልዩነት በስሌት ከተቀነሰ በኋላም እንኳ፣ ቅድመ ትምህርት ያገኙት ልጆች በቃላት እውቀትና በቁጥር ብልጫ እንዳላቸው አገኙ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በየመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ዜሮ ክፍል» የተባለው ተከፈተ። ታላላቅ ተማሪዎች በመምህር ጠባቂነት ታናናሾቻቸውን የሚያጫውቱበት «ከልጅ ለልጅ» የተባለው ዘዴም ተስፋፋ። በቅድመ ትምህርት የሚገኙት ልጆች መጠን በ2010 ከመቶ 5 ግድም የነበረው በ2016 ወደ ግማሽ ተጠጋ። በአምስት ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መስፋፋት የሚያስደንቅ ነው። ግን በሩ ሲከፈት በውስጥ የሚጠብቀው መምህር በቂ ሥልጠና አልነበረውም፤ ክፍሉ ብዙ ጊዜ ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ነው፤ መጫወቻውም ጥቂት ነው። ያኔ መምህሩ ወደሚያውቀው ይመለሳል፤ ይኸውም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሰባና ሰማንያ ልጅ በአንድ ድምፅ ማስጮኽ ነው። የቴነሲን ነገር የሰማ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል።

ከአገራችን ጥናቶች ሁሉ ለእኛ ሥራ የሚበጀው ሌላ ነው። ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ ባደረገው ንጽጽር፣ አንዳንድ ልጆች በመዋዕለ ሕፃናት በሠለጠነ መምህር እንዲማሩ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት በሌለበት ወላጆቻቸው በየቤታቸው በጨዋታ እንዲያስተምሯቸው ተደረገ። ወላጆቹ በየጊዜው እየተሰበሰቡ ያለ ውድ መሣሪያ ከልጅ ጋር የሚሠራውን ተማሩ። በመጨረሻ ሲመዘኑ በቤት የታገዙት ልጆች ያሳዩት እድገት በመዋዕለ ሕፃናት ካሉት ጋር የሚተካከል ሆነ። ከዚህ የምንረዳው ሕንጻ እስኪሠራ መጠበቅ ግዴታ እንዳልሆነ ነው።

እንግዲህ ገላን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የት ነው? ገላን ከአቃቂ ቃሊቲ አልፎ፣ ከዱከም በፊት፣ በአዳማ መንገድ ላይ የሚገኝ የፋብሪካ ከተማ ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃሏል። እነዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች የተለየ ችግር አለባቸው። ከገጠር የወጣ ሰው ሥራ ፈልጎ፣ ከአዲስ አበባ የወጣ ሰው ርካሽ ቤት ፈልጎ ይገናኝባቸዋል። ብዙው ነዋሪ አያትና አክስት በአጠገቡ የሌሉት አዲስ ሰው ነው። በገጠር ልጅን የሚያሳድገው መንደሩ ሁሉ ነው፤ በአሮጌው ከተማ ጎረቤትና እድር አለ፤ በአዲሱ የፋብሪካ ሰፈር ግን እናቲቱ ብቻዋን ናት።

አንዲት በፈረቃ የምትሠራ እናት በዐይነ ሕሊናችን እንመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። ሳምንቱ ስድስት የሥራ ቀን ቢሆን፣ ልጇ አራት ወር ሳይሞላው ወደ መሣሪያው ትመለሳለች። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ እርሷ ግን የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችም። ስለዚህ ሕፃኑን ለአሥር ዓመት እኅቱ ትተወዋለች፣ ወይም ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል ለምትጠብቅ ሴት ከፍላ ትሰጠዋለች። ሕፃኑ አይራብም ይሆናል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ስሙን ጠርቶ የሚያናግረው ሰው የለውም። የኪንግስተን ጥናት የሚነግረን ከዚህ ዝምታ የሚመጣው ጉዳት ሃያ ዓመት ቆይቶ በደመወዝ መዝገብ ላይ እንደሚታይ ነው። እኅቲቱም በዚያው ከትምህርቷ ትቀራለች፤ ጉዳቱ በሁለት ልጅ ላይ ይደርሳል።

ይኸው ልጅ ስድስት ሰባት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ሲገባ ደብተርና እርሳስ እንግዳ ይሆኑበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሶ አንዲት ቃል አለማንበብ! ጥፋቱ የልጁ ነው የሚል ሰው ካለ ከእኛ ጋር ወደ ገላን ይምጣና ይይ።

ውድ ጓደኞቻችን፤ እስከ አሁን ከተናገርነው በመነሣት የክረምቱ ሐሳብ እንዲጸድቅ እንደግፋለን፤ ግን እንደ ቀረበ ሳይሆን ከዚህ በታች ባሉት አራት ነገሮች ተሻሽሎ ነው።

አንደኛ፣ ክረምት ብቻውን አይበቃም። የ1965ቱ ስምንት ሳምንት ምን እንደ ሆነ ሰምታችኋል። ስለዚህ የምንመርጠው ትምህርት ቤት የዜሮ ክፍልና የአንደኛ ክፍል መምህራኑ ከእኛ ጋር ለመሥራት የፈቀዱበት እንዲሆን፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላም አባሎቻችን ዓመቱን በሙሉ በየቅዳሜው ተራ ገብተው እንዲመለሱ እንጠይቃለን። ገላን ሩቅ አይደለም፤ ታክሲ ይወስደናል።

ሁለተኛ፣ የምናስተምረው በጨዋታ፣ በትንንሽ ቡድን፣ ልጁ በእናቱ ጓዳ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን። በገላን አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ አማርኛም የሚናገሩ አሉ። አፋን ኦሮሞ የሚያውቁ አባሎቻችን ቀድመው ይመዝገቡ። ለመጫወቻ ቆርኪ፣ ጠጠር፣ ጭቃና የካርቶን ቁራጭ ይበቃል። ሰኞ ማክሰኞ መዝለል ቁጥር ያስተምራል፤ እንቆቅልሽ ማሰብን ያስተምራል፤ ተረት ሰምቶ መልሶ መናገር የንባብ መጀመሪያ ነው። ፊደሉ በዚህ መካከል ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ወላጆችን ይዘን እንሥራ፤ ግን በጥንቃቄ። በጋና በአክራና በአካባቢዋ በ240 ትምህርት ቤቶች በተደረገ ጥናት፣ መምህራንን ማሠልጠን ብቻ የልጆቹን እውቀት አሻሻለ፤ በዚያ ላይ ለወላጆች ስብሰባ ሲጨመር ግን ጥቅሙ ጠፋ። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ወላጆቹ የልጆቹን ጨዋታ እንደ ሥራ ፈትነት ማየታቸው ነው። በእኛም አገር «ልጄ ምን ጻፈ?» እንጂ «ልጄ ምን ተጫወተ?» የሚል ወላጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ እናቶችን ሰብስቦ ንግግር ከማድረግ፣ በፈረቃቸው መካከል ባለው ጊዜ መጥተው ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱ፣ ለውጡንም በዐይናቸው እንዲያዩ ማድረግ ይሻላል።

አራተኛ፣ ራሳችንን እንመዝን። በራሳቸው እግር የሚመጡትን ብቻ ከተቀበልን የምናገኘው ቀድሞውኑ የተሻሉትን ነው። ቤት ለቤት ሄደን የፈረቃ ሠራተኛ ልጆችን እንመዝግብ፤ ከአቅማችን በላይ ቢመጡ በዕጣ እንለይ፤ ዕጣው ላልወጣለት የቅዳሜውን ተራ እንስጠው። በመጀመሪያና በመጨረሻ፣ በዓመቱም በኋላ እንፈትናቸው። ውጤቱ ባዶ ቢሆን በዚሁ ጋዜጣ ባዶ ነው ብለን እናትም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ነው፤ ተማሪ ምን ሥልጠና አለውና ሕፃን ያስተምራል? መልሳችን እነሆ። በኪንግስተን እቤት እየሄዱ የሠሩት ሴቶች የዩኒቨርሲቲ ምሩቆች አልነበሩም፤ የሰፈር ጤና ሠራተኞች ነበሩ። ግን ሠልጥነዋል፤ ሥራቸውም ይቆጣጠሩት ነበር። እኛም መምህሮቻችን ከመውጣታችን በፊት እንዲያሠለጥኑን፣ በየሳምንቱም መጥተው እንዲያዩን እንለምናለን። ያለዚህ ሐሳቡን አንደግፍም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የመንግሥት ሥራ ነው፤ የአሠሪዎችም ነው። የተሻሻለው የትምህርት ሥርዓት ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ ትምህርት መኖር እንዳለበት ወስኗል፤ እኛ ይህን ልንተካ አንችልም። ነገር ግን በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ከዚህ ግቢ የወጡት ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ዓመት ሲያስተምሩ መንግሥትን ተክተው አልነበረም፤ የጎደለውን አይተው፣ ያዩትንም ይዘው ተመለሱ እንጂ። ማኅበራችንም ከክረምቱ ሥራ ጋር አያይዞ፣ በገላን ያሉ ፋብሪካዎች ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲከፍቱ የሚጠይቅ ደብዳቤ እንዲጽፍ እናሳስባለን።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። ጥናቶቹ ሁሉ በብዙ ቁጥርና በብዙ ገጽ የሚነግሩን ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚጨምሩልን አንድ ነገር ቢኖር፣ ርጥቡን እንጨት በችኮላ ያጎበጠው ሰው እንደሚሰብረው ነው። ድምፅ በምትሰጡበት ጊዜ ሁለቱንም እንድታስቡ እንለምናለን።